የዋንዛው ሣጥን ትንፋሽ

ጥር 5፣ ሰኞ። ከሥራ መልስ

ዛሬም ጠርሙስ ሲነፋ አገኘሁት። ባሌን ነው፣ ደብተሬ፣ ገበየሁን። የመጻፊያ ጠረጴዛዬ ላይ አምስት ጠርሙስ ደርድሮ፣ በየአንዳንዱ የተለያየ ውኃ ጨምሮ፣ አፋቸው ላይ እየነፋ ኡኡኡ ያሰኛቸዋል። ለመጽሔቱ የምልከው ጽሑፍ ነገ ፖስታ ቤት መድረስ አለበት። ያለኝ ርእሱ ብቻ ነው፦ «የጥር ሚዜዎችና የተዋሷቸው ጫማዎች»። በጫማ ስቄ አንባቢዬን ላስቅ ነበር። የገ.ን ፊት ሳይ ሳቄ ተነነ።

የዘመቻው ዝርዝር ወጥቷል። መተከል፣ የሰፈራ ጣቢያ ግንባታ። ፔዳ ኮሌጅ ካለው የሬዲዮ ጥገና ወርክሾፓቸው አራት ሰው። ሦስተኛው ስም የሱ። መኪናው ጥር 23፣ ዓርብ ጠዋት ይነሣል። ገ.ን ወባ አንድ ጊዜ ይዞት ሦስት ቀን ራሱን ስቷል፤ እኔንም አላወቀኝ። ሐኪሙ ያኔ ወደ ኮሪደር ጠርቶ፣ ይህን ሰው ሁለተኛ ቆላ እንዳታወርጂው አለኝ። የሐኪሙን ወረቀት አስገብተናል። መልስ የለም።

ዝርዝሩን የሚያጸድቀው ጓድ ሞገስ ነው። ጓድ ሞ. ጥር 25 ልጁን ይድራል። ደግሞም በነጯ መኪናው ደረት የሚመታ ሙዚቃ ይፈልጋል። ገ.ን አስጠርቶ ያለው ይህን ነው፦ «መኪናዬን አናግርልኝ፣ ያንተን ነገር አየዋለሁ።»

አየዋለሁ። ቤታችን የቆመው በዚች አንዲት ቃል ላይ ነው።

ጥር 7፣ ረቡዕ። ጠዋት 1 ሰዓት

ዛሬ ነገሩ ገባኝ፤ ሳይረሳኝ ልጻፈው። ስፒከሩ ትልቅ ሳህን ያህላል፤ የጓድ ሞ. ዘመድ መርከበኛ ከአሰብ ያመጣለት ነው። ብቻውን ሲጮኽ ግን እንደ ቆርቆሮ ነው። ለምን? ወደ ፊት ሲገፋ ወደ ኋላም አየር ይገፋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ሣጥን የሚያስፈልገው ለዚህ። ጥርቅም ያለ ሣጥን ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ያፍነዋል። ስለዚህ ቀዳዳ ይበጃል፣ ቀዳዳው ላይ ቱቦ ይገባል፣ ቱቦው እንደ ጠርሙሱ አንገት ነው። ሲረዝምና ሲጠብ ድምፁ ይወፍራል፤ ሲያጥርና ሲሰፋ ይቀጥናል። ልኩ ከተገኘ የኋላው አየር ተመልሶ የፊቱን ያግዛል።

«ሣጥኑ ይተነፍሳል» አለኝ ገ.። ዓይኑ በራ። ዝርዝሩ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

የውስጥ ልክ፦ 80 በ30 በ25። ስልሳ ሊትር። የሦስት ጀሪካን አየር በዪው። ቱቦው፦ ስፋቱ ሰባት ተኩል ሳንቲም። ርዝመቱ መጀመሪያ 18 ወጣለት፤ ቁርስ ላይ እንጀራውን ትቶ ሰረዘው። አየሩ ከቱቦው አፍ ካለፈም በኋላ ትንሽ አብሮ ይሄዳልና ያ ይቀነሳል አለ። 12 ተኩል።

ወረቀቱን ጫማዎቹን በጻፍሁበት ፎልደር ውስጥ ደበቅሁት። በዚህ ጊዜ ቁጥር ብቻ የሞላበት ወረቀት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ደግ አይደለም። ፈታሽ ቢመጣ ስለ ሣጥን ትንፋሽ ማን ያስረዳል?

ጥር 9፣ ዓርብ። ከሰዓት

ለሣጥኑ የሚሆን ኮምፔንሳቶ ጣውላ በከተማው ጠፋ። ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን፣ አያ ይርሳው ዘንድ። አናጢ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለደሴቶቹ ገዳማት የመጻሕፍት ሣጥን ሲሠሩ የኖሩ። ብራናውን አይጥ እንዳይቆረጥመው፣ እርጥበት እንዳይነካው። ደረቅ ዋንዛ ተገኘ፣ አምስት ዓመት በጥላ የቆየ።

ገ. ሥዕሉን ዘረጋላቸው። አያ ይርሳው በጣታቸው ተከተሉና ክቡ ላይ ቆሙ።

«ይችስ?»

«ቀዳዳ ናት፣ አያ። ቱቦው የሚገባባት።»

«ተሳስተህ እንዳይሆን።»

ገ. ከኪሱ ጠርሙስ አውጥቶ ነፋላቸው (ይዞ ነው የሚዞረው)። በትሕትና ሰሙት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «እታለም፣ ከኔ ሣጥን ጉንዳን ገብቶ አያውቅም» አሉኝ። ኩራት መስሎኝ አመሰገንኋቸው።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ያገኘነውን አንድ ኬሻ የጥጥ ውዳቂም ተውንላቸው። የውስጡን ግድግዳ እሳቸው ያለብሱታል፤ ድምፁ እርስ በርሱ እንዳይጋጭ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ከተራ፣ ጥምቀት፣ ቃና። ሦስት ቀን መዶሻ አልተነሣም፤ አያ ይርሳው በበዓል ምስማር አይነኩም። ታቦት ሸኝቼ፣ ዘፈን ሰምቼ፣ ከወዳጆቼ ጋር ማን ምን እንደለበሰ አምቼ ተመለስሁ። በእልልታው መሐል ቀን እየቈጠርሁ ነበር። ዓርብ ዐሥር ቀን ቀረው።

ገ. ቱቦውን ከውኃ መስመር ቁራጭ በመጋዝ ቆርጦ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ለአያ አደረሰ። 12 ተኩል። አምስቴ ለካው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ። 9 ሰዓት

እንዴት ልጻፈው።

ሣጥኑ ሐሙስ መጣ። ውበቱ! የዋንዛው መስመር እንደ ውኃ ይፈሳል። ገ. ስፒከሩን አሠረ፣ ሽቦውን ዘረጋ፣ መኪናው ኋላ ውስጥ አስገባው፤ የቱቦው አፍ ወደ ኋላ ክዳኑ ይመለከታል። ገና ሳንሞክረው ዛሬ ጓድ ሞ. ሊሰማ መጣ። ሾፌሩ ካሴት ከተተ።

ድምፁ ወጣ። ንጹሕ ነው። ደረት ግን የለውም። ጉንፋን የያዘው ሰው ከግድግዳ ማዶ የሚናገር ይመስል ነበር። ጓድ ሞ. በስስ ፈገግታ ገ.ን አየውና፣ ይኼ ነው ሁለት ሳምንት ያስጠበቀኝ አለው። ቀጠለና፣ አሻጥር ሠርተህብኝ እንዳይሆን ብሎ ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ደርቆ።

እስከ ሐሙስ ቀን ሰጠው። ሐሙስ ማለት ከዓርብ በፊት ያለው ቀን ነው፣ ደብተሬ።

ጥር 19፣ ሰኞ። ማለዳ

ሣጥኑ ቤታችን ተመልሷል። ገ. አይበላም። ባትሪ ቀየረ። ሽቦ አወፈረ። ሒሳቡን ዐሥራ አንድ ጊዜ ሠራው፣ ዐሥራ አንዴም 12 ተኩል። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ቱቦው አፍ ላይ ይይዛል። ሣጥኑ ቢተነፍስ ወረቀቷ ትርገበገብ ነበር አለ። ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ጥፋቱ የሒሳቡ ሳይሆን የኔ የራሴ ነው» ይላል። «ሳላውቅ የማውቅ መስሎኝ ኖሮ ይሆን?» ዐሥራ ስድስት ዓመት የሰው ሬዲዮ ያዳነ ሰው ነው ይህን የሚለው። እናቱ ወባ የገደላት፣ ወባ ለጥቂት የተወው ሰው። ጮኽሁበት። ከዚያ አለቀስሁ። ከዚያ ሁለታችንም ሥራ ገባን።

ጥር 20፣ ማክሰኞ። 10 ሰዓት

ልቤ ገና አልረጋም። በቅደም ተከተል ልሞክር።

ምሳ ሰዓት ላይ ከመ/ቤት ወጥቼ አያ ይርሳው ዘንድ ሮጥሁ። እንጨቱ የሆነ ቦታ ተሰንጥቆ እንደሆነ ልጠይቅ። ሳጫውታቸው ተቆጡ። የሳቸው ዋንዛ አይሰነጠቅም!

«ጥርቅም አድርጌ ነው የሰጠኋችሁ። ያችን ቀዳዳ እንኳ ሳልደፍን አልሰደድኋትም።»

«የቷን ቀዳዳ፣ አያ?»

«ባልሽ የረሳትን ነዋ። ቱቦውን እንዳለው አስገባሁለት። ከውስጥ በኩል ያለውን ጫፍ ግን በክብ ዋንዛ ወተፍኋት፣ ዙሪያዋን ሰም ቀባሁና። ጥጡን አለበስሁባት። አይጥ ቢገባስ? ሰው ምን ይለኛል?»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ስስቅ አለቀስሁ። አርባ ዓመት ቀዳዳ የደፈነ እጅ አንዲቷን ማለፍ አልቻለም! ሲገባቸው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ለናንተ ብዬ እኮ ነው እያሉ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ።

ቤት ደርሼ እጄን ቱቦው ውስጥ ሰደድሁ። የገ. እጅ አትገባም፤ የኔ ትንሽ ናት። ጣቴ ጫፉ ላይ ለስላሳ እንጨት ነካ። አወጣሁትና አሸተትሁት። የሰም ሽታ፣ ማር ማር የሚል። ገ. በመጥረጊያ እንጨት አንድ ጊዜ መታው። ክቡ እንጨት ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ስፒከሩን ፈትቶ አወጣው።

ከዚያ ካሴቱ። ኧረ ደብተሬ! መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ድምፁ በእግሬ ገብቶ በደረቴ ወጣ። ወረቀቷ ከገ. ጣት አምልጣ በረረች። እሱ መሐል ቤት ቆሞ እጁን ቱቦው አፍ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ይሰማል።

ክቡን እንጨት ለማስታወሻ ወሰድሁት። ረቂቆቼ ላይ ጭኜዋለሁ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው።

ጥር 22፣ ሐሙስ። ምሳ ሰዓት

ጓድ ሞ. ሰማ። ዓይኑን ጨፈነ። «ድገመው» አለ። አራት ጊዜ አስደገመ። ከዚያ ዝርዝሩን አስመጥቶ፣ ገ. ፊት፣ በራሱ ስክሪብቶ ሦስተኛውን ስም ሰረዘ።

ሰረዘ! ሌላ የምጽፈው የለኝም። ሚስቱ ደግሞ እሑድ ጠዋት ሙሽራዋን እንዳለብስ ጠይቃኛለች፤ ሠርጉ በመጽሔቱ እንዲወጣላት ነው። ይውጣላት። ቀሚሷን በሁለት ገጽ አወድሳለሁ።

ጥር 23፣ ዓርብ። ጠዋት

መኪናው ሄደ። ገ. የለበትም። ሦስቱን ጓደኞቹን ሸኝቶ ተመለሰ፤ ፊታቸውን ማየት አፈርሁ አለ። እኔም አፈርሁ። ደስታዬ ግን አልቀነሰም፤ ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው።

በዚያው ቀን። 11 ሰዓት

ጓድ ሞ. ተሹሟል። ወደ መተከል። የሰፈራ ጣቢያዎቹ የበላይ ሆኖ። ከሠርጉ ማግስት ይነሣል፣ ነጯ መኪና አብራው። ገ.ም አብሮት። አንተን የመሰለ ባለሙያ ለማን ትቼ እሄዳለሁ አለው፣ ትከሻውን እየመታ። ጀኔሬተርም አለ፣ ድምፅ ማጉያም አለ፣ እዚያ ሥራ አታጣም። የገ. የዝውውር ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት፣ ከመነሣታቸው በፊት ይጻፋል። ዘመቻው የሦስት ወር ነበር። ይኼኛው ማብቂያ የለውም።

ገ. ይህን ቆሞ ነገረኝ። ድምፁ ውስጥ አንድ ነገር ሰማሁ። ኩራት ነው። ሥራዬን እንዲህ ያከበረልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም አለኝ። ሐኪሙ ያለኝን ደገምሁለት። «እምቢ ይባላል እንዴ?» አለ።

አይባልም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 8 ሰዓት

ከንጋት ጀምሮ አስቤበታለሁ። ጓድ ሞ. የሚወስደው ገ.ን አይደለም፣ ያንን ድምፅ ነው። ክቡን እንጨት መልሼ ወትፌ ድምፁ በሠርጉ ቀን ቢጠፋ፣ ሥራው አይዘልቅም ብሎ ይተወዋል፤ ቀልብ የለውም፣ ሰኞ ደብዳቤ ሳይጻፍ ሌላ ነገር ያምረዋል። ዝርዝሩ ደግሞ ተዘግቷል፣ መኪናው ሄዷል። የሚያስፈራኝ ያች የሳቀባት ቃል ናት። አሻጥር። ሣጥኑን አስፈትቶ ክቡን ቢያገኘውስ?

አያ ይርሳው ዘንድ ሄድሁ፤ ሳላማክር በሳቸው እጅ ሥራ አላደርገውም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። መጋዛቸውን አስቀመጡ።

«ማን ደፈናት ካሉ፣ ይርሳው በያቸው። መጥተው ይጠይቁኝ። ሐሰት የለበትም፣ ደፍኛት ነበር።»

«እርስዎን ቢይዙዎትስ?»

«የገዳም አናጢ ቀዳዳ ደፈነ ብለው? እስቲ ይሞክሩት።»

ስመለስ ክቡ እንጨት ከረቂቆቼ ላይ የለም። ገ. ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። አልነገርሁትም ነበር፣ ደብተሬ፣ በመሐላ! ክቡን በሁለት ጣት ይዞ ጠርዙን ቀስ እያለ ከፍሙ በላይ ያዞራል። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ሰሙ ደርቋል» አለ። «ካልሞቀ አይይዝም። አንቺም ነገ ከማስገባትሽ በፊት በመዳፍሽ አሙቂው። በአንድ ጎን እንዳታዘነብዪው።»

ከዚያ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አምስት ጊዜ የለካትን ቱቦ ራሱ ሊያስደፍናት ነው።

ነገ 1 ሰዓት ላይ ሙሽራዋን አለብሳለሁ። የልብስ ሻንጣዋን መኪናው ኋላ እኔ ነኝ የማስቀምጠው፤ ሾፌሩ ክዳኑን ይከፍትልኛል፣ ከዚያ አበባ ሊያስር ወደ ፊት ይሄዳል። የገ. እጅ አትገባም። የኔ ትገባለች።

እስከ ክንዴ አስገባለሁ።