ማክሰኞ የተደወለው ደወል

ይድረስ ለልጄ ለሮላንድ፤ ባሕር ማዶ እንዴት ከረምክ? እኔም አባትህም አለን። ወንዙ ዘንድሮ ከድልድዩ ሳያልፍ ማረን፤ የአሮጌው ወፍጮ ቤት ጣሪያም ተጠገነ። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አሁንም የሚደውለው አባትህ ነው።

ማክሰኞ ግን አሳቀን። ቁርሱን በልቶ እንደወጣ የሞት ደወል ተሰማ። ለሴት የሚደወለው ስድስት ነውና፣ ስድስት ጊዜ ሲመታ «ሴት ናት» አልኩ። ከዚያ ዕድሜዋን መደወል ጀመረ፤ እኔም ሳህን እያጠብኩ ቆጠርኩ። ስልሳ ስምንት ላይ አቆመ። በመንደሩ ስልሳ ስምንት የሞላት እኔ ብቻ ነኝ።

ጎረቤታችን ዶርካስ ጥቁር ለብሳ፣ ኬክ ይዛ፣ እያለቀሰች መጣች። በሩን ስከፍትላት ልትወድቅ ነበር።

«ሄስተር! አልሞትሽም እንዴ?»

«ገና ነኝ፤ ኬኩን ግን አምጪው» አልኳት።

ደወል ቤቱ ስደርስ አባትህ ባርኔጣውን አውልቆ ገመዱን እንደያዘ ቆሟል።

«ለማን ነው የደወልከው፣ አምብሮዝ?»

«ለባለቤቴ» አለኝ። «ደግ ሴት ነበረች። እርስዎ ያውቋት ነበር?»

«ትንሽ ትንሽ» ብዬ ክንዱን ያዝኩት። እስከ ቤት ድረስ ስለ እኔ ሲያጫውተኝ መጣ። እንዲህ እንደሚወደኝ አላውቅም ነበር።

የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ግን ለፋሲካ ያልከውን መምጣት ለዚህ ወር አድርገው። በሩ ላይ ስትደርስ ስምህን ቀድመህ ንገረው።

ለሚስትህና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስ። በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እስካሁን ያለሁት እናትህ፣ ሄስተር