የክንዱ አዲስ ስፒከርና የአባባ ደንገል

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለሪሃና፤

ከአባይ ማዶ ተነሥቶ፣ ስንት ኬላ አልፎ ጅግጅጋ እስኪገባ የማይደክመው ሰላምታዬ ይድረስሽ። አሰላሙ አለይኪ፣ እታለም። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባለቤትሽ ሙኽታርስ ደኅና ነው? ሒክማን ትምህርቱ እንዴት ይዟታል? ትንሹ ኑረዲንስ ጥርስ አበቀለ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚነክሰው? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን። እማማ ጉልበቷን ቢያማትም ምላሷ ፍጹም ጤነኛ ነው። አባባም እንደ ልማዳቸው ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ናቸው። እኔማ ደኅና ማለት ያንሰኛል፤ ከኅዳር ወዲህ በደስታ ብቻ ወፍሬ ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አልፌአለሁ። ምክንያቱን በስልክ ያልነገርሁሽ እማማ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ብትሰማ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላ ውዱዬን እንደገና ታስደርገኛለች።

ከስድስት ዓመት በፊት የገዛሽልኝን፣ በፍራሽ ተጠቅልለው በአውቶቡስ ጣሪያ የመጡትን ሁለት ጥቁር የስቱዲዮ ስፒከሮች መቼም አልረሳሽም። ያን ጊዜም አሮጌ ነበሩ። እነሱን ይዤ ከክንዱ ጋር ስቱዲዮ ከፈትሁ። ክንዱ ያ የሠፈራችን ዲጄ ነው፤ ሰርግ ላይ ሙሽራው ሳይነሣ እሱ የሚጨፍረው። እኔ እቀዳለሁ፣ እሱ ያጫውታል፤ ክፍሉን የተከራየው ግን በእሱ ስም ነበር። የጥፋቴ ሁሉ መጀመሪያ ይኸው ነው።

ባለፈው ሐምሌ ክንዱ አዳዲስ ስፒከሮች አመጣ። የእኔዎቹን፣ ያንቺን ስጦታ ማለቴ ነው፣ ተሸክሞ በረንዳ ላይ አወጣቸው። ዝናቡ በአግድም ይመታ ነበር። ስደርስ አንደኛው ላይ ጭቃ የያዘ ጫማውን አስቀምጦበታል። ይህም አልበቃው፤ ደንበኞች ቁጭ ብለው፣ ዘፋኟ ሸጊቱም ቆማ እየሰማች፣ «እነዚህ ሣጥኖች ሞተዋል፤ ሂሻምም ቢሆን መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ ጆሮው ከአባቱ ታንኳ ወድቆ ጣና ገብቷል» ብሎ አሳቀብኝ። ሸጊቱ አልሳቀችም። ግን ለሰርግ ወራት ያዘጋጀችውን ዘፈን ለእሱ ሰጠችው። ድምፅ ሠሪን አይሰማም ማለት፣ ዓሣ አጥማጅን ውኃ ይፈራል እንደ ማለት ነው፤ በሳምንቱ ወደ እኔ የሚመጣ ደንበኛ ጠፋ። እኔ ሳልመልስለት ስፒከሮቼን ጭኜ ወጣሁና ሌላ ክፍል ተከራየሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የእኔ ዝምታ አለመንቀዙ ብቻ አይደለም፣ ይሰባ ነበር።

ፍርድ እንዳላጓድል ግን ስለ ሁለቱ ስፒከሮች ያለውን ልንገርሽ። ያንቺዎቹ ከባድ ናቸው፤ የራሳቸው ኃይል ስለሌላቸው አምፕሊፋየር ይለምናሉ፤ ቤዝ የሚባለው ወፍራሙ ድምፃቸው ሳሳ ያለ ነው። ወሬያቸው ግን እንደ እማማ ነው፤ ዘፋኙ ከዜማው ፀጉር ታህል ቢስት ፊት ለፊት ይነግሩሻል፣ አያቆላምጡም። በእነሱ ላይ ያማረ ዘፈን በታክሲም በሰርግ ቤትም ያምራል። የክንዱ አዲሶቹ ትንንሽ ናቸው፤ አምፕሊፋየራቸው በሆዳቸው ነው፤ ግንባራቸው ላይ ሰማያዊ መብራት አለ። ከዚያች ከማትረባ ከምትመስል ሣጥን የሚወጣው ቤዝ ደረት ይደልቃል፤ ለዲጄ ከዚህ በላይ ምን አለ። ትልቁ ጉዳቸው ግን ሌላ ነው፤ ማይክ ስትተክዪላቸው ያፏጫሉ፣ የክፍሉን ጠባይ ይለካሉ፣ ከዚያ የክፍሉን ጉድለት ራሳቸው ያርማሉ። ክንዱም ይህን እንደ ተአምር ለመንደሩ ሁሉ አወጀ፤ «ከእንግዲህ ጆሮ አያስፈልግም፤ እሱ ያውቃል» አለ።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ። አባባ ለታንኳ የሚያጭዱት ደንገል በክረምት እንዳይበሰብስ እዚያው ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ ማስደገፍ የጀመሩት ገና በሽርክናችን ጊዜ ነበር። ሦስቱም ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ደንገል ነው። እንደ ወፍራም ፍራሽ ድምፅ ይውጣል፤ ለእኛም ተስማማን። ከክንዱ ጋር ስንለያይ ደንገሉ እዚያው ቀረ። ታዲያ ክንዱ አዲሶቹን ስፒከሮች ክፍሉን ያስለካቸው ያ ሁሉ ደንገል ቆሞ ሳለ ነው። ዕቃዬን ላወጣ ገብቼ በዓይኔ አየሁ። መመሪያውን ከነካርቶኑ ጥሎት ነበር፤ እኔ አንሥቼ ቤት ወሰድሁትና መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብሁት። ከክፍሉ ዕቃ ሲወጣ ወይም ሲገባ እንደገና ለኩ ይላል። ደንገሉ የዋጠውን የድምፅ ቅጥነት፣ ቃልን የሚያጠራውን ቀጭኑን ድምፅ ማለቴ ነው፣ ለማካካስ ስፒከሩ ቅጥነቱን ይጨምራል፤ ደንገሉ ቢወጣም ካልተነገረው መጨመሩን አይተውም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መመሪያውን ስሜ ትራስ ሥር አደረግሁት።

ጥቅምት ገባ። ሸጊቱ ዘፈኗን ቀድታ ጨርሳ፣ ክንዱ ድምፁን ሊያመጣጥን ሲቀመጥ፣ አባባን «ደንገሉ ደርቋል፤ ታንኳ የሚጠብቅም ሰው አለ» አልኋቸው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አልዋሸሁም፣ አልሰረቅሁም። አባባ የአህያ ጋሪ ይዘው ሄዱ። ክንዱ ራሱ እየተሸከመ ጫነላቸው፤ «አባባ፣ ክፍሌን አሰፉልኝ» ብሎም አመሰገናቸው። እኔ ከማዶ ሆኜ አንድ ሰው የራሱን ጉድጓድ በጨዋነት ሲቆፍር አየሁ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ሁሉ እንደ ምላጭ ሲቀጥንበት፣ ጥፋቱ የቀረጻው ነው ብሎ ቅጥነቱን ከሸጊቱ ድምፅ ላይ ሲቀንስ ሰነበተ። ስፒከሩ ያውቃላ!

ዘፈኑ መጀመሪያ የተሰማው ኅዳር ላይ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ በሸጊቱ የአጎት ልጅ ሰርግ ነው። አዳራሹ ሐይቁ ዳር ነው፤ ሰው ከመራዊም ከደቅም መጥቷል። ክንዱ «አዲስ ሥራ!» ብሎ ለቀቀው። ሪሃና፣ ሸጊቱ ከጋን ውስጥ የምትዘፍን መሰለች። ቃሏ አይሰማም፤ እምምም ብቻ። ክንዱ ድምፁን ጨመረ፤ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ፣ ቃሉ አሁንም የለም። ባንቺአየሁ የሚሏቸው የሙሽራዋ አክስት ተነሥተው «እባካችሁ ልጆች፣ ከአፏ ላይ ጋቢውን አንሡላት!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከኋላ ቆሜ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻው ከታረደው ሥጋ በጣም በዝግታ አላመጥሁ።

ከዚያ ግን ሸጊቱን አየኋት። ሁሉ እየሳቀ እሷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች። እውነቱን ልናገር፣ ሳህኑን አስቀመጥሁት። የጠመድሁት ለክንዱ ነበር፤ የወደቀችው እሷ ናት። ወዲያው ሄጄ ዘፈኑን እኔ እንደማስተካክለው፣ ከሁለት ቀን በኋላ በሚደረገው መልስ ላይ ያው ሰው እንደሚሰማው ነገርኋት። ዋጋ ጠየቀችኝ። ዋጋዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ የሚከፍለውም ክንዱ ነው አልኋት።

ዝናብ ያፈረፈረውን የስፒከሩን ጠርዝ አባባ በስስ ቆዳ ቆርጠው ለጥፈውልኝ ነበር፤ ታንኳ የሚያስር እጅ ምን ይሳነዋል። ሸጊቱ ቀረጻውን ከክንዱ ተቀብላ አመጣችልኝ፤ በእነዚያ በ«ሞቱት» ሣጥኖች ሁለት ቀን ሠራሁ። መልሱ ላይ ዘፈኑ ሲለቀቅ ባንቺአየሁ እልልታውን ቀድመው አቀለጡት፤ ሸጊቱን ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ሸጊቱ ክንዱን በክርኑ ይዛ ማይኩ ፊት አቆመችው። እሱም እንዲያልፍለት ብሎ አጉተመተመ። እኔም ቃሉ እንዳይታፈንበት አዘንሁለትና ድምፁን ከፍ፣ ቅጥነቱን ጥርት አደረግሁለት። «ሂሻም ይሰማል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ» አለ። በሕይወቴ እንዲህ ንጹሕ አድርጌ የቀዳሁት ድምፅ የለም። አዎን፣ ቀድቼዋለሁ፤ ጧት ጧት እሰማዋለሁ፤ ለጨጓራ ጥሩ ነው። ደንበኞቼም ተመልሰዋል።

አሁን ደግሞ ለማንም የማትነግሪውን ልንገርሽ። ሸጊቱ ስለ ክንዱ አማልዳኝ ክፍሉን እንደገና ላስለካለት ሄድሁ። ስጨርስ፣ ክንዱ ውጭ ሳለ፣ እኔ የሠራሁትን ዘፈን በእሱ ስፒከሮች ከፈትሁት። ከከበሮው ሥር ረጅም ማጓራት አለ፤ ከዚሁ ከክንዱ ክፍል ጎን ያለው የጭማቂ ቤት ማቀዝቀዣ ነው፤ የሸጊቱም ዘፈን የእኔም የዱሮ ሥራ ሁሉ የተቀዳው እዚሁ ነው። ያንቺ ስፒከሮች እስከዚያ ጥልቀት አይወርዱምና አንድም ቀን አላሳዩኝም። ያልተነካ ሥራ የለኝም ማለት ነው፤ የስድስት ዓመቱ ሁሉ ያጓራል። ክንዱ ገባና «እንዴት ነው?» አለኝ። ድምፁን ቀንሼ «ምንም አይልም» አልሁት።

ስለዚህ እታለም፣ ጅግጅጋ ከገቡት አዲሶች እንደ ክንዱ ስፒከሮች ያሉትን ፈልጊልኝ። በካርቶናቸው እንዳይመጡ፤ ማንም እንዳያውቅ በሌላ ካርቶን አሽገሽ ላዩ ላይ «የሕፃን አልጋ» ብለሽ ጻፊበት። አሮጌዎቹ ፊት ለፊት በክብር ይቀመጣሉ፣ አዲሶቹ ከመጋረጃ ጀርባ ይሠራሉ።

ሙኽታርን በርታ በይልኝ። ሒክማን ግንባሯን፣ ኑረዲንን ያበጠ ድዱን ሳሚልኝ። አባባ ዱዓ አድርገውልሻል፤ እማማ ቶሎ ነይ ብላሻለች፣ ለብቻሽ እንዳትመጪም። ሸጊቱም ሳታውቂኝ ስፒከርሽ አተረፈኝ ብላሻለች። ክንዱም ለሪሃና ሰላም በልልኝ ብሎ ነበር፤ አላደርስለትም።

ወንድምሽ ሂሻም
ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.