የካሳቫ ኩሬያችን ጭቃ

ልጄ ሉዞሎ፣ በሄድሽበት ሁሉ ፊት አይጥቆርብሽ፤ የአባትሽ አጽም ከክፉ ዓይን ይከልልሽ። እኛ ደህና ነን። ፍየሏ መንታ ወለደች፤ አክስትሽ ማቶንዶም እንደ ወትሮዋ አኩርፋለች።

አስተማሪሽ የላከው ሰውዬ ከኪንሻሳ መጥቶ ነበር። የካሳቫ ሥር መርዙ እንዲለቅ ከምንዘፈዝፍበት ኩሬ ጭቃ ስጪኝ አለ። «ጭቃው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከፀጉር እጅግ በቀጠኑ ክሮች ከተሸፈነ ዘንግ ጋር ስናገናኛቸው አምፖል ያበራሉ» አለኝ። የካሳቫ ዳቦ ባቀርብለት «ሆዴን ያመኛል» ብሎ ገፋው። ምግቤን ተጠይፎ ጭቃዬን የሚመኝ ሰው እንዴት ይታመናል? የሰው ቤት አፈር ለበጎ ሲወሰድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ማቶንዶማ «ነገ ኩሬውንም ጭኖ ይሄዳል» አለች።

እምቢ እንዳልል «ለሉዞሎ ጥናት ነው» እያለ በስምሽ ለመነኝ። እምቢ ማለትም ማመንም ስላቃተኝ ጓዳ ገብቼ፣ በውስጡ የሚኖር ነገር ካለ ሞቶ ይሂድ ብዬ፣ ጭቃውን በድስት አንተከተክሁት። ሲቀዘቅዝ ሰጠሁት፤ አመስግኖኝ ሄደ።

እንግዲህ አምፖላችሁ አልበራም ካለ ሰውዬውን አትቆጪው። ጭቃውን የፈለግሽው በእርግጥ አንቺ ከሆንሽ ግን መልክተኛ አትላኪብኝ። ኩሬው ውስጥ ከኔ ቀጥሎ ያለውን የመዘፍዘፊያ ቦታሽን እስካሁን ማንም አላስነካሁም። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ መጥተሽ በገዛ እጅሽ ዛቂ።

እናትሽ