የኮምፒውተሩ ዳንቴል

ይድረስ ለልጄ ለፀደንያ፤ በሰው አገር ማርያም በጥላዋ ትከልልሽ። የቦንጋ ዝናብ አላባራም። እኔ ደህና ነኝ፤ ትተሽልኝ የሄድሽው ኮምፒውተር ግን እየጋለ በራሱ ሲጠፋ ከረመ።

ጥገና የሚሠራው ከፈለኝ መጥቶ አየው። «እትዬ አስካለማርያም፣ በዳንቴል አፍነው ሊገድሉት እኮ ነው! ያንሱለት» አለኝ።

«ልጄ በእጇ የሠራችውን? ራቁቱን ላስቀምጠው?» ብዬ አባረርኩት።

ሦስት ሳምንት እንቢ አልኩ። አንድ ቀን ግን ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶሽን እያየሁ ፊትሽ ድርግም ብሎ ጠፋብኝ። ያኔ እያለቀስኩ ዳንቴሉን አነሳሁት፤ ኮምፒውተሩም ዳነ።

ዳንቴሉን አሁን እኔ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌዋለሁ። እኔም ውስጤ ይግላል፤ ግን እንደ እሱ አልጠፋም፣ ይኸው አራት ዓመት እየጠበቅሁሽ ነው።

ሌላ ዳንቴል አትላኪልኝ። ለመስቀል ራስሽ ነይልኝ። መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ