ሁለት ግራ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን
ከሰፈሩ ኮሚቴ ቢሮ፣ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ ላይ

ውድ አባዬ፣

እኔ ልጅህ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬና በፈቃዴ የሚከተለውን የእምነት ቃል እሰጣለሁ፦ ትተኸው የሄድከውን የጫማ ብሩሽ ከሣጥኑ አውጥቼ የጎረቤታችንን ውሻ አበጥሬበታለሁ። ውሻው አምሮበታል። ብሩሹ ግን ከእንግዲህ ለጫማ አይሆንም።

ይህ ትንሹ ጥፋቴ ነው። እሱን ያስቀደምኩት ለትልቁ ትንፋሽ ልሰብስብ ብዬ ነው።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ተሽሏታል፤ ቁጣዋ ግን እንዳለ ነው። አሁን ጫማ የምትሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ብርድ አለ ብለህ ከጻፍክ ወዲህ "ካልሲ ደርብ በይው" እያለች ታዘኛለች። ደርብ።

ባለፈው ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ የጠየቅከኝን ሳልመልስ ሁለት ወር አለፈ። "ሰዉ አሁንም ሁለት ግራ ጋ እንገናኝ ይላል?" ነበር ያልከው።

ሱቅህ መንገድ ይወጣበታል ተብሎ ሲፈርስ፣ መንገዱም ሳይወጣ ሲቀር፣ እዚያ የተረፈው አቧራና ቅጽል ስምህ ብቻ ነበር። ለዚያ ሙሽራ በሠርጉ ዋዜማ ሁለት የግራ ጫማ አስረክበኸው፣ እሱም ሁለቱንም አድርጎ ወደ ሠርጉ አዳራሽ ከገባ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ሁለት ግራ ይልህ ነበር። (ሁለቱ ቀኝ የደረሰው ፖስተኛ ግን ዛሬም ይቅር አላለህም፤ ደብዳቤህን የሚያስረክበን እያጉረመረመ ነው።) አንተ ሲጠሩህ ትስቃለህ። እኔ ግን ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነበር። ይህን ነግሬህ አላውቅም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሠራተኛ መጥቶ፣ ክፍት ቦታ ሁሉ ስሙ ይመዝገብ፣ ታፔላ ይተከልለታል አለ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቻችንን ታውቃቸዋለህ፤ አጀንዳው አንድ ከሆነ ሦስት ሰዓት፣ ሁለት ከሆነ ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል። በመጨረሻ "ሁለት ግራ" ይባል ብለው ተስማሙ። ሊቀመንበሩ፣ ያ ጡረተኛው መምህር፣ ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው ቅጹን ለእኔ ሰጡኝ።

እኔ "የጦረኛው ሜዳ" ብዬ ጻፍኩ። "የስያሜው ታሪክ" በሚለው ሥር ደግሞ በጥንት ዘመን አንድ ጦረኛ ከዘመቻ ሲመለስ ፈረሱን እዚህ እንዳሳረፈ አከልኩበት። ሁሉም ሳያነቡ ፈረሙ።

ታፔላው የተተከለ ቀን፣ ዛሬስ አለቀልኝ ብዬ ጆሮዬን ለቁንጥጫ አዘጋጅቼ ነበር። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሳላነብ ፈረምኩ ከማለት ሞት ይሻላቸዋል መሰለኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይህን ጦረኛ አያታቸው በዓይናቸው እንዳዩት ተናገሩ። ሥጋ ሻጩ ፈረሱ ነጭ ነበር አለ። ፀጉር አስተካካዩ የለም፣ ዳማ ነው አለ። ይኸው ባልነበረ ፈረስ እስከ ዛሬ ተኳርፈዋል። እኔ ቤት ገብቼ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ልጅ አዋቂው "ጦረኛው ጋ ጠብቀኝ" ይል ጀመር።

ባለፈው እሁድ ሙሽራህ መጣ። አዎ፣ ያው ሰውዬ፤ አሁን ቦርጭ አውጥቷል። ትንሽ ልጁን በእጁ ይዞ፣ መሬት መሬቱን እያየ የሱቅህን ደጃፍ ይፈልጋል። ልጁ ታፔላውን ፊደል በፊደል አነበበና "አባባ፣ ዋሸኸኝ፤ የጫማ ሰፊ አይደለም፣ የጦረኛ ነው" አለው። ሰውየው አፈረ። ዞር ሲል እኔን አየኝ።

"የኔ እህት፣ እዚህ ጋ አንድ ጫማ ሰፊ አልነበረም?"

"እኔ እንጃ" አልኩት።

እነዚያን ጫማዎች እስከ ዛሬ እንዳስቀመጣቸው፣ በሕይወቱም እንደዚያ ቀን ስቆ እንደማያውቅ ነገረኝና ልጁን ይዞ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሱቅህን ሲያፈርሱት አልቅሼ ነበር፤ ከዚያ የተረፈውን ያፈረስኩት ግን እኔ ነኝ።

ስለዚህ መልሱ፦ አይልም። ሰዉ ሁለት ግራ ማለት ትቷል። ጥፋቱ የሰዉ አይደለም።

ይባስ ብሎ ኮሚቴው ታሪኩ በእብነ በረድ ይቀረጽ ብሎ ወስኗል። በጥሩ ጽሕፈት እንድገለብጠው ዛሬ እዚህ አስቀምጠውኛል፤ ቀራጩ አመሻሽ ላይ መጥቶ ይወስደዋል። እነሱ ጓሮ ሆነው በፈረሱ ቀለም ይጨቃጨቃሉ። እኔ ደግሞ ለቀራጩ በተዘጋጀው ንጹሕ ወረቀት ላይ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ "እዚህ አንድ ጫማ ሰፊ ይሠራ ነበር። አንድ ሙሽራ በሁለት የግራ ጫማ ተሞሽሯል። ስለዚህ ቦታው ሁለት ግራ ይባላል።" ቅጹን የቀየርኩት እኔ መሆኔንም በሌላ ወረቀት አክያለሁ። እነሱም ሳያነቡ መፈረማቸው ይወጣባቸዋል፤ ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም።

ይቅርታ ብዬ ለመጻፍ ሦስቴ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ። ከዚህ በታች የሚታይህ ጥቁር ነገር እሱ ነው።

መርፌ ጣትህን አይውጋ፤ ብርድ ወገብህን አይልመደው። አንተ የሰፋኸውን የሚጫማ ሁሉ መንገዱ ይቅናው።

ልጅህ፣

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆመዋል። ወረቀቱን አይተውታል። ስሜን ብቻ አይደለም፣ ያንተንም ጨምረው ነው የጠሩኝ።

አቤት ብያለሁ።