«ሞዴሉ ተስማምቷል» ተብሎ ስለተዘጋው የጥየቃ በር

ለጤና ተቋማት ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 11

ጉዳዩ፦ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሉ የቤተሰብ ጥየቃን ያገደበት ጥናት በገለልተኛ ባለሙያ እንዲመረመርና እገዳው እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በኮሌጅ የስታቲስቲክስ አስተማሪ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ እጁ የተባረከ አናጢ ነበር። አእምሮው ከታወከበት ጊዜ ጀምሮ በዚሁ ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም፣ እናቴና እኔ ሐሙስ ሐሙስ እንጠይቀው ነበር። እናቴ ጥፍሩን ስትቆርጥለት «እማዬ፣ ጣቴን ተይልኝ፣ መዶሻ እይዝበታለሁ» እያለ ያሥቃታል። ሕመሙ በጠናበት ቀን እንኳ ከሌላው ሰው እንቢ ብሎ ከእሷ እጅ ይጎርስ ነበር።

2. ሆስፒታሉ ባለፈው ክረምት በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። የቤተሰብ ጥየቃ የታማሚዎችን ሁከት እንደሚያባብስ በጥናት ስለተረጋገጠ ጥየቃ ላልተወሰነ ጊዜ መታገዱን ይገልጻል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። «እኔ ነኛ ያባባስኩበት?» አለችኝ።

3. ጥናቱን ከነመረጃው ጠይቄ ተፈቀደልኝ። የተሠራው መዋቅራዊ የእኩልታ ሞዴል በሚባለው ዘዴ ነው። ተመራማሪው ምን ምንን እንደሚያመጣ በቀስት ይሥላል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሥዕሉ ከተሰበሰበው መረጃ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ በቁጥር ይናገራል። ሲኤፍአይ የተባለው መለኪያ ወደ አንድ፣ አርኤምኤስኢኤ የተባለው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ስምምነቱ ጥሩ ነው ይባላል። እዚህ 0.96 እና 0.04 ሆነዋል። እኔም ደግሜ አስልቼ ያንኑ አግኝቻለሁ። በስሌቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ በትርጓሜው ላይ ነው።

4. መለኪያዎቹ «ይህ ሥዕል ከመረጃው ጋር ብዙ አይጣላም» ይላሉ እንጂ «እውነቱ ይህ ነው» አይሉም። ከጥየቃ ወደ ሁከት የተሣለውን ቀስት ገልብጬ፣ ሁከት የበዛበትን ታማሚ ቤተሰቡ አብዝቶ ይጠይቀዋል ብዬ ሣልኩት። ቁጥሮቹ አንዲት ነጥብ እንኳ አልተነቃነቁም። ለቅሶ ቤት ሰው ይበዛል፤ ሰው ስለበዛ ግን ለቅሶ አልመጣም። ከዚህም በላይ እነዚህ መለኪያዎች የጠቅላላው ድምር ናቸው፤ ድምሩ አምሮ አንድ ቦታ ላይ የከፋ ልዩነት ሊደበቅ ይችላል። የተደበቀውም የሕመሙ ጽናት ከጥየቃና ከሁከት ጋር ባለው ግንኙነት ላይ ነው። ሥዕሉ ግንኙነቱን የለም ይላል፤ መረጃው አለ ይላል። ይህን ግንኙነት ባስገባሁ ጊዜ ጥየቃ አደረሰ የተባለው ጉዳት ጠፋ።

5. ይህንኑ ይዤ ወደ ተመራማሪው ቢሮ ሄድኩ። ወንበር ስቦ በትሕትና አስተናገደኝ። «ቁጥሮቹ የተለመደውን መስፈርት አልፈዋል፤ ሞዴሉ ተስማምቷል» አለኝ። «ቀስቱ ቢገለበጥስ?» ብዬ ጠየቅሁት። መነጽሩን አወለቀ። «ያው ቁጥር ይመጣል። አስተዳደሩ ግን የጠየቀኝ አንድ መልስ ነው፣ እህቴ።» እቤት ገብቼ ለእናቴ ሞዴሉ ተስማምቷል እንዳሉኝ ስነግራት፣ «ከማን ጋር ነው የተስማማው?» አለች።

6. ከዚያ በኋላ አንዲት ነርስ ደወለችልኝ። «እህል እንቢ ብሏል፤ እናቱን ይጠራል፤ እኔ ደወልኩ እንዳትይ» አለችኝ። እናቴን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው ዓይኑን ከእሷ እያሸሸ «እናቴ፣ እኔም ታዝዤ ነው» አላት። ብርዱ አጥንቷ ድረስ እስኪሰማት ቆመን ተመለስን። ወንድሜ በአፍንጫው በገባ ቱቦ ሲመገብ ሰነበተ፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ሄዶ ታመመ፤ ሞተ። በሩ የተከፈተልን አስከሬኑን እንድንወስድ ነው። እናቴ ስታጥበው ጥፍሩ ማደጉን አየችና ያን ጊዜ ጮኸች።

7. እገዳው ወንድሜን ገደለው ብዬ አልከስም። ከአንድ ሰው ታሪክ ተነሥቶ እንዲህ ማለት እንደማይቻል ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔው ነኝ። የምለው፣ ሆስፒታሉ ያላወቀውን አውቄያለሁ ብሎ በሩን ዘጋ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለኝ ይኖራል፤ ይበለኝ፤ ውስጥ የቀሩ አሉ።

ስለሆነም፣ ክቡርነትዎ ጥናቱ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲመረመርልን፣ ተለዋጭ ሞዴሎቹና የተደበቀው ልዩነት በሪፖርቱ ላይ በግልጽ እንዲጻፉ፣ ምርመራው እስኪያልቅም እገዳው እንዲነሣ ትእዛዝ እንዲሰጡልን በትሕትና አመለክታለሁ።

ትናንት የወንድሜን ልብስ ልረከብ ስሄድ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ልጃቸው ውስጥ ናት። «ልጄ፣ ቁጥር ታውቂያለሽ አሉኝ፤ እስቲ አንቺ ንገሪያቸው፣ ባላናግራትም ግድ የለኝም፣ በመስኮት ልያት» አሉኝ። ነገ እዚያው እንደሚቆሙ ነግረውኛል። ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ከክቡርነትዎ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሟች እህት

ግልባጭ፦
ለአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ