ከየት ግቢ መጣሽ?

ማክሰኞ፣ መስከረም 6 ቀን 1990

ዛሬ ጨው ያለበት ሻይ ጠጣሁ። ስኳር ብዬ ነበር የገዛሁት... ከጎረቤታችን ከጋሽ አብዱልገኒ ሱቅ። በላስቲክ ቋጥረው ሰጡኝ፣ እኔም ሳላይ ማስቀመጫው ውስጥ ገለበጥኩት። ልጄ ሀይሚ አንድ ጊዜ ፉት አለችና «ማሚ፣ ሻይ ነው ወይስ ሾርባ?»

ይዤው ተመለስኩ። አብረን እንስቃለን ብዬ ነበር። አልሳቁም። ጨውና ስኳሩን በጣታቸው እየዳበሱ ቆሙ። ምነው? እኚህ ሰውዬ እኮ ተረብ አያልፋቸውም ነበር።

የመጽሔታችን አዘጋጅ ተክለብርሃን ለኅዳር እትም ርዕስ ሰጠኝ። ዘንድሮ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው የሚገቡት ተማሪዎች ከየት ከየት ነው የሚመጡት? «ወሬም ጣል አድርጊበት» አለኝ። ሌላ ምን አውቅና!

ሐሙስ፣ መስከረም 8

ለካ ዓይናቸው ነው።

የጋሽ አብዱልገኒ ልጅ ፈዲላ ነገረችኝ። ከሀይሚ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያደጉ ናቸው። ሁለቱም ባዮሎጂ፣ ሁለቱም ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት። ሀይሚን እዚሁ አዲስ አበባ ደረሳት፤ ፈዲላን ሐረር ሳይደርስ ያለው ግቢ መደቧት።

«እትዬ፣ አምና ስሄድ አባባ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ክረምት ስመጣ ፊቴን በእጁ ዳበሰኝ።»

የዓይን ግፊት ነው አሉ። የግራው አይመለስም። የቀኙ ጠብታው በሰዓቱ ከገባለት ሊቆይ ይችላል። ግን ማን ያስገባላቸው? የፈዲላ እናት ካረፈች ቆየች። ወንድሟ ሙስአብ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አሰብ ደርሶ እስኪመለስ አባትየው ብቻቸውን።

ዝውውር ጠየቀች። ክፍሉ ሞልቷል፣ በቅያሪ ካልሆነ አሏት። እዚህ ያለ የሁለተኛ ዓመት ባዮሎጂ ተማሪ ቦታውን ለቆላት እሱ በእሷ ቦታ መሄድ አለበት ማለት ነው። እስከ መስከረም ሃያ።

«ማን ሸገርን ጥሎ ይሄድልኛል፣ እትዬ?»

 

ሰኞ፣ መስከረም 12

ግቢ ስዞር ዋልኩ። ተዛውረው የመጡትን ፍለጋ።

የመጀመሪያውን ልጅ «አገርህ የት ነው?» አልኩት። ፊቱ ጥርቅም። ሁለተኛዋም እንደዚያው። በዚህ ዘመን ይሄ ጥያቄ እንዴት እንደሚሰማ ጠፍቶኝ ነው? ፊሊጶስ የሚባል ቀጭን ልጅ አዘነልኝ። «ከየት ግቢ መጣህ ነው የሚባለው፣ እትዬ።»

እንደዚያ ስል ግን... ጎረፈልኝ። ከጅማ። ከባሕር ዳር። ከአዋሳ። ሻይ ጋበዝኳቸውና ጠረጴዛው ሞላ።

«እዚህ ስም የለንም» አለች አንዷ እየሳቀች። «የመጣንበት ነው ስማችን። እኔ ባሕር ዳር ነኝ። እሱ ጅማ።»

«እሷን እንኳን ባሕር ዳር ሲሏት ያምርባታል» አለ ፊሊጶስ። «አንዱን ጓደኛችንን ደብረ ዘይት ሲሉት፣ እሱን መሆኑን አስታውሶ አቤት እስኪል ሌላው ሻዩን ይጠጣበታል።»

ፊሊጶስ ጅማ እያለ በኤ ያለፈው ኮርስ አልተቆጠረለትም። እንደገና ሊማረው ተመዝግቧል። አይከፋህም? «ሁለቴ የተማርኩትን ማን ያስረሳኛል?» አለኝ። ባሕር ዳር ያሏት ልጅ ደግሞ ታናሽ እህቷን እያሳደገች ነው የምትማረው፤ የመጣችውም ለዚያ ነው። እንዲህ ስትል ድምጿ እንኳ አልተለወጠም። ምን ዓይነት ልጆች ናቸው እነዚህ? እኔ በእነሱ ዕድሜ ፀጉሬን ከመተኮስ ሌላ ምን አውቅ ነበር?

ስወጣ ሬጅስትራር ቢሮ ገባሁ። ወይዘሮ ዘውዲ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ከዚህ ወደ ክፍለ ሀገር በቅያሪ የሚሄድ? ዘንድሮ እስካሁን አላየሁም፣ እህቴ።»

ለፈዲላ ምን ብዬ ልንገራት?

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ጽሑፉን ጀመርኩት። «ወደ ሸገር የሚመጣ እንጂ ሸገርን ጥሎ የሚሄድ ተማሪ የለም።» ጥሩ መግቢያ ነው። ለሀይሚ አነበብኩላት። ሁሌ ትስቅልኛለች። ዛሬ አልሳቀችም።

«ይሄን አታውጪው።»

«ለምን?»

ዶሮዎቿን ላብላ ብላ ወጣች። እኮ ለምን?

እሑድ፣ መስከረም 18

ሀይሚ ልትሄድ ነው።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ተነስቼ ተቆጣሁ፣ እንደገና ቁጭ አልኩ።

«ለፈዲላ ብለሽ ከሆነ...»

«ለእሷም ነው። ለእኔም ነው። ማሚ፣ እዚያ እኮ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ የከብት በረት አለ። እዚህ ያለኝ ያንቺ ጓሮ ነው።»

«ውሃ ሲጠፋ የምታኮርፊ የቦሌ ልጅ!»

«እዚያም ይጠፋል አሉ። አብረውኝ የሚያኮርፉ አላጣም።»

ይህቺ ልጅ ከሕፃንነቷ የታመመ በግ ካየች ትምህርት ቤት የምትረሳ ናት። አውቃለሁ። እዚሁ ሲደርሳት ደስ ያለኝ እኔ ነበርኩ... እሷ ደስ ብሏት ነበር? ጠይቄያታለሁ?

«እኔስ ከማን ጋር ሻይ እጠጣለሁ?» አልኳት። ባልለው ይሻለኝ ነበር።

መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። «ብቻ መጀመሪያ ስኳሩን ቅመሽው።»

ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም የምናየው ጠፋን።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ጋሽ አብዱልገኒ ግን ሰሙና እምቢ አሉ። ሱቁ ድረስ አስጠሩኝ።

«የሺ፣ የሰው ልጅ አስለቅቄ የኔን አላመጣም። ወላሂ አይሆንም። አንቺም ብቻሽን ነሽ።»

እውነቱን ልጻፍ። ለአፍታ ደስ አለኝ። እሳቸው ናቸው እንጂ እኔ መች ከለከልኩ? ሀይሚ ትቀራለች፣ እኔም ጥሩ ሰው እንደሆንኩ እቀራለሁ።

ከዚያ የጠብታቸው ሰዓት ደረሰ። ቀና አሉ፣ ብልቃጧን ዘቀዘቋት። ጉንጫቸው ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሞከሩ። ጆሯቸው ጋ። እንዳላየ ሆኜ ወደ ሳሙናው መደርደሪያ ዞርኩ። ሳሙና አልፈልግም ነበር።

«ጋሽ አብዱልገኒ» አልኩ ሳልዞር፣ «ሀይሚ ለእርስዎ ብላ የምትሄድ መስሎዎት ነው?»

«ታዲያስ?»

«ለላም ብላ ነው። እርስዎ ከላሟ በኋላ ነዎት።»

ብልቃጧን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ... ከክረምት ወዲህ ያልሰማሁት።

«ከላም በኋላ?»

«በጎችም ይቀድሙዎታል።»

«እንግዲያስ እኔ ማን ነኝና ከላም እጣላለሁ» አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ጠብታው ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅኩም። «አላህ ያሳድግልሽ፣ የሺ።»

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ሁለቱ ልጆች ወይዘሮ ዘውዲ ፊት ጎን ለጎን ቆሙ። «የምትሄደዋ የትኛዋ ናት?» ሀይሚ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ወይዘሮ ዘውዲ ከወንበራቸው ተነስተው ግንባሯን ሳሟት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

አውቶቡስ ተራ። ሸኘኋት። ፈዲላ ሹራቧን አውልቃ አለበሰቻት፤ «ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። የካፌውን ሾርባ ደግሞ በማንኪያ አማስለሽ ብዪ፣ ሥጋው ከታች ነው።»  መኪናው ሲንቀሳቀስ የሀይሚ እጅ በመስኮት... በቃ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

መጽሔቱ ወጣ። ያን መግቢያ ሰርዤዋለሁ። ተክለብርሃን «ምን ነካሽ፣ ወሬው አነሰ» አለኝ። ያነሰው ከቤቴ ነው አላልኩትም።

ሀይሚ ከቴሌ ደወለች። ድምጿ ወፈረ ልበል?

«ማሚ፣ እዚህ ስሜ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቦሌ። ቦሌ ጥጃዋ አልጠባ አለች፣ ቦሌ ነይ ያዢልን ነው ቀኑን ሙሉ።»

«ውሃስ?»

«ጠፍቷል። አላኮረፍኩም።»

ፈዲላን ደግሞ ግቢ ውስጥ ሐረር ነው የሚሏት። ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ ከእኛው አጥር ማዶ የተወለደችውን ልጅ! ከየት ግቢ መጣሽ ሲሏት «ከሀይሚ ቦታ» ትላለች አሉ። ለጽሑፌ ይሄን መልስ ባገኘሁት ኖሮ።

ወደ ማታ ዶሮዎቹን አብልቼ (አሁን የእኔ ሥራ ነው፣ አንዷ ትነክሰኛለች) ሱቅ ሄድኩ። ፈዲላ ከቤተ መጻሕፍት ገብታ የአባቷን አገጭ በአንድ እጇ ይዛ ጠብታውን ታስገባለች። እሳቸው እንደ ሕፃን ቀና ብለው፣ «ላሟ ደህና ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት፣ ጥጃዋ ናት ያስቸገረችን።»

ስኳር አልኳቸው። ቋጠሩና ላስቲኩን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው ትንሽ አዩት።

«ስኳር ነው፣ የሺ።»

ቤት ገብቼ ሻይ አፈላሁ። ሳልቀምስ ጨመርኩት።